ለእትዬ ዓይን ሲባል የተገዛ ባሩድ

ከሁሉ በፊት በደሉ ይጻፍልኝ። እኔ ሃምሳ ቀለህ ባሩድ ስሞላ አንዱንም ደግሜ አልሞላሁም። ሦስት ወንዶች ግን ተሰብስበው «ዓይንሽ ደክሟል» ብለው ከባሩዱ አስነሱኝ። በዚህ ቢበቃቸው እንኳ ዝም ባልኩ። እነሱ ግን ገና ከመጀመሪያው «ይኼን እንግዛ» ብዬ የለመንኳቸውን ባሩድ፣ እኔ ላይ ከፈረዱ በኋላ ሄደው ገዙና ቆርቆሮው ላይ «ለእትዬ ዓይን ሲባል» የሚል ወረቀት ለጠፉበት። ሰው ልክ በሆነበት ነገር ይቅርታ ሲደረግለት እንዴት እንደሚያንገበግበው የደረሰበት ብቻ ያውቀዋል። ወረቀቱ የተለጠፈው በጠንካራ ፕላስተር ነው። በጥፍሬ ልልጠው ሞክሬ ጥፍሬ ተሰበረ፤ ስለዚህ በጽሑፍ ልልጠው።

ከሥሩ ልጀምር። እኔ የሰባ አንድ ዓመት አያት ነኝ። እኩዮቼ ዳንቴል ሲሠሩ እኔ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽጉጥ እተኩሳለሁ። ሰው ላይ አይደለም፤ ወረቀት ላይ ነው። ያስጀመረችኝ የልጅ ልጄ ማርታ ናት። ኮሌጅ የገባች ጊዜ ራሴን መጠበቅ ልማር ብላ የተኩስ ትምህርት ተመዘገበች፤ ብቻዬን አልሄድም ብላ እኔን ጎትታ ወሰደችኝ። እሷ ሦስት ጊዜ ተኩሳ ጆሮዬን አመመኝ አለችና ተወችው። እኔ ቀረሁ። የቀረሁበት ምክንያት አንድ ፂማም ፈረንጅ ነው። የመታሁትን ወረቀት አየና «ዕድል ነው» አለ። ዕድል እንዳልሆነ ላሳየው ስመላለስ ይኸው ስድስት ዓመቴ። ሰውየው ከዚያ ወዲህ መጥቶ አያውቅም።

የተኩስ ሜዳው ከፓሳዴና ከተማ ጀርባ ተራራው ላይ ነው። እዚያ ነው ሦስቱን ያገሬን ሰዎች ያገኘኋቸው። አንደኛው ጋሼ ወርቁ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ከእኔ በሁለት ዓመት የሚበልጡ፣ ትሑት ሰው። ፓልምስ ሰፈር ያለው ጋራዣቸው ውስጥ ከመኪና በቀር ሁሉም ነገር አለ። የሥራ ጠረጴዛችንም እዚያ ነው። ሁለተኛው ብሩክ ነው፤ ኢንጂነሩ እንለዋለን። ኢንጂነር ይሁን አይሁን አጣርቼ አላውቅም፤ ብቻ ፓሳዴና ቢሮ ይሠራል፣ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን መታወቂያም ቅዳሜ እንኳ አያወልቅም። እዚህ አገር ልጅ ሆኖ ስለመጣ አንቱታ አልፈጠረበትም፤ እናቱ የምሆነውን ሴት «አንቺ» ይለኛል። ይኼ ራሱን የቻለ በደል ነው፤ እዚህ አላነሳውም። ሦስተኛው ደምሴ ጎሚስታው ነው። ጎማ ቤቱ ከፌርፋክስ መንገድ እምብዛም አይርቅም።

እንግዲህ አንድ ሰሞን በከተማው ጥይት ጠፋ። ሱቁ ሁሉ መደርደሪያው ባዶ ሆነ። ያኔ ነው ብሩክ «ሶ፣ ራሳችን ለምን አንሠራውም?» ያለው። ጥይት ለማያውቀው ሰው ትልቅ ነገር ይመስላል እንጂ አራት ነገር ነው። ተኩሰን ከመሬት የምንለቅመው የናስ ቀለህ አለ። ቂጡ ላይ የምትገባ መለኮሻ አለች። ሆዱ ውስጥ ባሩድ ይገባል። አፉ ላይ ደግሞ ከእርሳስ የቀለጠ አረር ይደፈናል። በቃ።

አረሩን ማቅለጥ የእኔ ድርሻ ሆነ። «ሆነ» የምለው ማንም ሌላ ስላልፈለገው ነው። ስቴቱ በእርሳስ ጎማ ባላንስ ማድረግን ከከለከለ ወዲህ፣ ደምሴ ከአሮጌ ጎማ ላይ የሚነቅለውን እርሳስ በባልዲ በባልዲ ያስቀምጥልኛል። እኔ ጋሼ ወርቁ ጓሮ ውስጥ የአትክልተኛ ጓንት እና የማርታን የበረዶ መንሸራተቻ መነጽር አድርጌ አቀልጠዋለሁ። ጎረቤታቸው አንዲት ፈረንጅ በአጥሩ አሻግራ ስታየኝ ቆይታ፣ አንድ ቀን «ሾርባ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አይደለም፤ እንዳትቀምሺው» አልኳት። ከዚያ በኋላ አጥሩን ከፍ አድርጋዋለች።

አረሩ የሽጉጡን አፈሙዝ እርሳስ እንዳይቀባው ሰም ይቀባል። ደምሴ «ከቤተ ክርስቲያን የጧፍ ቁራጭ እንልቀም» ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ለእግዚአብሔር የበራ ሰም ወረቀት ለመብሳት አይውልም ብዬ ከገበያ አስገዛሁት። ቢሆንም ስንተኩስ ጭሱ ጧፍ ጧፍ ይላል። ብሩክ አንዴ ተኩሶ ሲያበቃ ሳያስበው ሲያማትብ አይቼዋለሁ።

ቀለህ ተገኘ፣ መለኮሻ ተገኘ፣ አረር አለ። የቀረው ባሩድ መምረጥ ነበር። ነገር የመጣውም ከዚህ ነው።

ለሽጉጥ የሚሆን ባሩድ አንድ ዓይነት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሱቁ ስንገባ ግድግዳው ሙሉ ቆርቆሮ ነው። ክንዱ በሙሉ የተነቀሰ ወጣት ሻጭ መጣና «ምን ዓይነት ሽጉጥ ነው? የምትጠቀሙትስ ምን ዓይነት አረር ነው?» አለ። ብሩክ «ስድስት ጎራሽ ነው፤ አረሩ በእጅ የቀለጠ እርሳስ ነው» አለው።

«ማን ነው የሚያቀልጠው?»

ብሩክ ወደ እኔ ጠቆመ። ሻጩ ጠረጴዛውን ዞሮ መጥቶ ጨበጠኝ። ይህን ክብር ካገሬ ሰዎች አላገኘሁትም፤ ሆኖም ሰውየው ራሱ ስለማያቀልጥ ይሆናል ብዬ በልኩ ያዝኩት።

ከዚያ ሁለት ቆርቆሮ አወረደ። ሁለቱም ለእርሳስ አረር ይስማማሉ። እርሳስ ገር ነገር ስለሆነ በኃይል መገፋት አይወድም። አንደኛው ባሩድ ደቃቅ ነው፤ ኃይለኛ ስለሆነ ለአንድ ቀለህ ቁንጥር ይበቃዋል። ሁለተኛው ገለባ የመሰለ፣ ቀላል፣ የተንሳፈፈ ነገር ነው፤ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ብዙ ይገባል። ሻጩ ረጅም ነገር ተናገረ። ስለ ደቃቁ ሲናገር የትንሽ ጣቱን ጫፍ ያሳያል፤ ስለ ገለባው ሲናገር ጣቱን ከግማሹ በላይ ይይዛል።

«ምን አለ?» አልኩት ብሩክን።

«ሁለቱም ጥሩ ነው አለ።»

ሁለቱም ጥሩ ነው ለማለት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በራሴ እንግሊዝኛ ልጠይቅ ወሰንኩ። በእጄ ቀለህ ያዝኩ፣ በሌላው እጄ የማይታይ ማንኪያ ይዤ አንዴ ጨመርኩ፣ ሁለቴ ጨመርኩ፣ «ቱ ታይምስ?» አልኩት። ሻጩ ፊቱ ተለወጠ። ደቃቁን ቆርቆሮ በጣቱ ነካና አሥር ጣቶቹን በአንዴ በተናቸው። ገለባውን ነካና ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰ ነገር እንደሚጠርግ ሰው በመዳፉ ጠረገ። ከዚህ በላይ አስተርጓሚ አያስፈልገኝም። ደቃቁ ሁለቴ ቢገባ ከቀለሁ ሥር ተደብቆ ይቀራል፤ ሽጉጡን ነው የሚበትነው። ገለባው ሁለቴ ቢገባ ቀለሁ አልችለውም ብሎ ይተፋዋል። አንዱ ጥፋትህን ይደብቅልሃል፤ ሌላው እዚያው ያጋልጥሃል።

ክርክሩ ፍሪዌይ ላይ ሆነ። ጋሼ ወርቁ ይነዳሉ፤ ደምሴ ከሥራው ሆኖ በስልክ ገብቷል።

«ገለባው ይሻላል» አልኩ።

«እትዬ፣ ደቃቁ ንጹሕ ነው የሚነደው» አለ ብሩክ። «የተጠቀሙበት ሰዎች የጻፉትን ሪቪው ሁሉ አንብቤያለሁ። አንድ ቆርቆሮ ዓመት ይበቃናል። ገለባው ግን ቦታ ይይዛል።»

«ሁለቴ ቢገባስ?»

«ለምን ሁለቴ ይገባል? ፎከስ ካደረግሽ አይገባም።»

«እኔ አደርጋለሁ። ስለ እናንተ ነው የምጠይቀው።»

ደምሴ በስልኩ ውስጥ ሳቀ። «እትዬ፣ ቁንጥር የሚበቃው ከሆነ ሚጥሚጣ ነው በሉት። እኔ ሚጥሚጣ ነኝ» አለ። ስሙ እዚያው ጸና። ጋሼ ወርቁ «ይበል፣ ይበል» አሉ። ጋሼ ወርቁ ለሁሉም ነገር «ይበል» ነው የሚሉት፤ ለእኔም ብለውኛል፣ ለብሩክም ብለውታል። ድምፅ ሲቆጠር ግን የእሳቸው «ይበል» ከብሩክ ጋር ተቆጠረ። ሦስት ለአንድ። መኪናውን አዙረን ሚጥሚጣውን ገዛን።

ባሩዱን መሙላት ለእኔ ተሰጠኝ። ይኼንንም በዓይነ ውኃዬ አይደለም ያገኘሁት። ዊልሸር ጎዳና ላይ ፓርኪንግ ዳስ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጫለሁ። የገባ መኪና ካርዱ ፊቱን ወደ ላይ፣ የወጣ መኪና ካርዱ ፊቱን ወደ ታች። ስልክ ቢጮህ፣ ሰው ቢጣራኝ፣ ተመልሼ ስመጣ የት እንደደረስኩ ካርዱ ራሱ ይነግረኛል። አንድም መኪና ጠፍቶብኝ አያውቅም። በቀለሁም እንዲሁ አደረግሁ። ሃምሳ ቀዳዳ ያለው እንጨት አለ፤ አሥር አሥር ሆኖ አምስት ረድፍ። ያልሞላሁት ቀለህ አፉን ደፍቶ ይቆማል። የሞላሁት ሽቅብ አፉን ከፍቶ ይቆማል። አንድ ቀለህ አነሳለሁ፣ በልኩ በተሠራችው ቢጫ ማንኪያ እሞላለሁ፣ ሽቅብ አቆማለሁ። ይህን ለሁለቱም አስረድቻለሁ። ብሩክ «ስማርት» አለ። ጋሼ ወርቁ «ይበል» አሉ።

ያቺ ቅዳሜ መጣች። ሁለት ረድፍ ሞልቻለሁ፤ ሃያ ቀለህ። ሦስተኛውን ልጀምር ስል የደምሴ ሚስት አስካለ የእርሳስ ባልዲ ይዛልን መጣች። ደምሴ ቅዳሜ ጎማ ቤቱን ትቶ መምጣት አይችልም፤ የሚያስፈልገንን የምታመላልሰው እሷ ናት። ባልዲውን አስቀመጠች፣ ሰላም አለችን፣ ቸኩያለሁ አለች። ልሸኛት ተነሳሁ።

እዚህ ላይ መሸኘት ምን እንደሆነ ላስታውስ። ጋራዡ በር ላይ አንድ ስንብት አለ፤ የልጆቿን ደኅንነት የምጠይቅበት። የግቢው በር ላይ ሌላ አለ፤ እሷ የእኔን ጉልበት የምትጠይቅበት። መኪናዋ ጋ ሦስተኛው አለ፤ ሁለታችንም ስለ ሌላ ሰው የምንጠያየቅበት። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ መስኮቱ ይወርድና ዋናው ጉዳይ ይጀመራል። ቸኩያለሁ ያለች ሴት ስለሆነች ቶሎ ነው የለቀቅኋት፤ ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም።

ስመለስ ጋሼ ወርቁ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ራዲዮ ይሰማሉ። ብሩክ ጓሮ ሆኖ ስልኩን ያነባል። እንጨቱን አየሁ። ሃያ ሽቅብ፣ ሠላሳ ድፍት። እንደተውኩት ነው። ከሦስተኛው ረድፍ ቀጥዬ ጨረስኩ። አረሩን ብሩክ በመጫኛው መሣሪያ ደፈነ፤ በተራቸው በሳጥን ደረደርኳቸው።

በማግስቱ እሑድ ተራራው ላይ ወጣን። የመጀመሪያውን ጥይት የተኮሰው ብሩክ ነው። ሽጉጡ የጮኸው እንደ ሽጉጥ አልነበረም። ብሩክ ባርኔጣው ወደ ኋላ ሄደ፣ መታወቂያው ዞሮ ጀርባው ላይ ተንጠለጠለ። እጁን ስናይ ጣቶቹ አምስት ናቸው፤ ሌላውን እጁንም ቆጠርን፤ እሱም አምስት ነው። ጥይት ማጉረሻው ግን አብጦ አልዞርም አለ። ሜዳውን የሚቆጣጠረው ሰው መጣና የቀረውን ጥይት እንዳንነካ አዘዘን። ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ።

ብሩክ ቤቱ ወስዶ የቀሩትን አርባ ዘጠኝ አንድ በአንድ አላቀቃቸውና ባሩዱን መዘነ። አሥራ ዘጠኙ ውስጥ እጥፍ ባሩድ ተገኘ። ሠላሳው ልክ ነው። ስልክ ደወለልኝ።

«እትዬ፣ አፕሴት እንዳትሆኚ። ሁለቴ ሞልተሽዋል።»

«የትኞቹን?»

«የመጀመሪያዎቹን ሁለት ረድፍ።»

«ከሦስተኛው ጀምሮ ያሉትስ?»

«እነሱ ፐርፌክት ናቸው።»

«እንግዲህ ዓይኔ የደከመው ሃያ ቀለህ ብቻ ነው? ከዚያ በኋላ በራለት?»

«መጀመሪያ ላይ ደክሞሽ ይሆናል።»

ሥራ ሳይጀምር የሚደክመው፣ ሲጨርስ የሚበረታው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ጠየቅሁት። ስብሰባ አለኝ ብሎ ዘጋው። ቀኑ እሑድ ነው።

እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ፤ እኔ አስካለን ስሸኝ ቀለሁን የነካው ማን ነው? ቂም ለመያዝ አይደለም። ሃያ ቀለህ ያለ እጅ ሁለቴ አይሞላም፤ የእኔ እጅ ደግሞ መኪናዋ መስኮት ላይ ነበር። ብሩክን ደግሜ ስጠይቀው «ማን ይነካዋል፣ እትዬ? እኔ አውትሳይድ ነበርኩ» አለ። ጋሼ ወርቁ ጋ ደወልኩ። ገና «ሰላም ዋሉ» ከማለቴ ስለ ጉልበቴ ጠየቁኝ፤ ስለ ማርታ ትምህርት ጠየቁኝ፤ ቀጥለው «የሆነው ሆኗል፣ እህቴ። ብሩክን እግዜር አትርፎታል። ማን ምን አደረገ እየተባባልን አንቀያየም» አሉኝ። ከዚህ የበለጠ መልካም ንግግር የለም፤ መልስ ግን አይደለም።

ችሎቱ የተቀመጠው ፌርፋክስ ላይ፣ ሁልጊዜ የምንገናኝበት ምግብ ቤት ነው። ዳኞቹ ሦስት ናቸው፤ ምስክሮቹም እነሱው ሦስቱ። አንድ በያይነቱ ለአራት አዘዝን። እኔ ክርክሬን አዘጋጅቼ መጥቻለሁ። ስለ ካርዱ፣ ስለ ድፍቱና ስለ ሽቅቡ፣ ስለ ሃያውና ስለ ሠላሳው ልናገር ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ ጋሼ ወርቁ ከጎመንና ከምስሩ ጠቅልለው እጃቸውን ዘረጉ።

«እንቺ፣ እህቴ፣ በሞቴ።»

ጉርሻ አይመለስም። ተቀበልኩ። አፌ ሞልቶ ሳለ ብሩክ ተነሳ።

«ሶ፣ እኛ ያሰብነው ምንድን ነው፣ እትዬ አረሩን ትቀጥል። በአረር ማንም አይደርስባትም። ባሩዱን ግን እኔ ልያዘው። ሴፍቲ ነው፤ ፐርሰናል አይደለም።»

ደምሴ ሳህን ሳህኑን እያየ «እትዬ፣ እኛ ለእርስዎ ብለን ነው» አለ።

ጉርሻው የጋሼ ወርቁ ጉርሻ ነው። ትልቅ ነው። ሳኝከው ውሳኔው ጸደቀ። ልውጥና ልናገር ስል ሁለተኛው መጣ። ሁለተኛውን ስጨርስ ጉዳዩ አልቆ ስለ ደምሴ ልጅ ሠርግ እየተወራ ነበር። ብዙ ሰው ተፈርዶበታል፤ እየጎረሰ የተፈረደበት ግን ብዙ አይመስለኝም።

ቤት ገብቼ ለማርታ ስነግራት «እማማ፣ ለምን አልተፋሽውም?» አለችኝ። እዚህ አገር ያደገ ልጅ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ይናገራል።

ብሩክ ባሩዱን ሦስት ቅዳሜ ያዘ። በመጀመሪያው ቅዳሜ አሥራ አምስት ቀለህ ሞላና ስልክ ተደወለለት። ሲመለስ የቱን እንደሞላ ስላላወቀ ሁሉንም ደፍቶ እንደገና ጀመረ። በሁለተኛው ቅዳሜ እንዲሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ መታወቂያው ባሩዱ ውስጥ ገባ። እኔ ጓሮ ሆኜ እርሳሴን አማሰልኩ። በአራተኛው ቅዳሜ ስመጣ ጠረጴዛው ላይ አዲስ ቆርቆሮ ተቀምጧል፤ ገለባው ነው።

«እትዬ፣ ጉድ ኒውስ» አለ ብሩክ። «ወደ ባሩዱ መመለስ ትችያለሽ። ይኼኛው ሁለቴ ቢገባ ይፈሳል፤ ስለዚህ ለአንቺ ሴፍ ነው።»

ቆርቆሮውን አዞርኩት። ወረቀቱን አነበብኩት። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ለዚህች ግን ይበቃል።

«ይኼ ይነሳ» አልኩ።

«ጆክ እኮ ነው።»

«ሻጩ በመዳፉ ጠርጎ ያሳየህ ይኼንኑ አይደለም? የዚያን ቀን ምን አለ ብዬ ስጠይቅህ ምን ነበር ያልከኝ?»

«ሪቪዎቹ ሚጥሚጣውን ነበር...»

«ሪቪው የጻፉት ሰዎች እንግዳ ይሸኛሉ?»

ብሩክ መታወቂያውን ነካካ። ጋሼ ወርቁ ከወንበራቸው ላይ «በሉ፣ በሉ፣ ይበል» አሉ። ወረቀቱ አልተነሳም። እኔም ከወረቀቱ ሥር ተቀምጬ ሥራዬን ጀመርኩ። አንድ ሰው በራሱ ሐሳብ ላይ ተቀምጦ የሰው ምሕረት ሲበላ ማየት የፈለገ እኔን ማየት ይችል ነበር።

ቀጥሎ ስለሆነው ነገር ወጥመድ አጠመደች የሚሉ አሉ። አላጠመድኩም። አስካለ በራሷ መጣች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ነው፤ እንደ ልማዷ ባልዲ ይዛ፣ እንደ ልማዷ ቸኩላ። እኔ ሁለት ረድፍ ጨርሻለሁ። ሃያ ሽቅብ፣ ሠላሳ ድፍት። ልሸኛት ተነሳሁ። የማምነው አንድ ነገር ቢኖር፣ የዚያን ቀን ስንብቱን አላሳጠርኩትም። መኪናዋ ሞተሩ ተነስቶ መስኮቱ ከወረደ በኋላ ስለ እናቷም ጠየቅኋት። እናቷ ደኅና መሆናቸውን ከባልዲው ጋር ስትገባ ነግራኝ ነበር።

ስመለስ ራዲዮው ይናገራል፤ የሚሰማው ግን የለም። ጋሼ ወርቁ ጠረጴዛዬ ጋ ቆመዋል። መነጽራቸው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነው። ቢጫ ማንኪያዬ በእጃቸው ናት። እንጨቱ ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ የሹራባቸው እጅጌ ላይ፣ ገለባው እንደ ውድማ ተበትኗል። እስከ ሰባተኛው ቀለህ ሄደዋል። የመጀመሪያዋ ስትተፋ ማንኪያዋ ተንሸራታ ነው ብለው፣ ሁለተኛዋ ስትተፋ እጄ ተንቀጥቅጦ ነው ብለው፣ እንዲህ እያሉ ሰባት ደርሰዋል። አሁን በአሮጌ የታክሲ ቢዝነስ ካርድ ባሩዱን እየሰበሰቡ ወደ ቆርቆሮው ሊመልሱ ይሞክራሉ፤ ካርዱ ትንሽ ነው፣ ባሩዱ ብዙ ነው። ፊት ለፊታቸው ቆርቆሮው ላይ «ለእትዬ ዓይን ሲባል» የሚለው ወረቀት ይታያል።

ብሩክ የጓሮውን በር ከፍቶ ገባ፤ አየ፤ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ጋሼ ወርቁን አየ፣ እንጨቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። የመጀመሪያ ጊዜው ነው መሰለኝ፣ «እትዬ፣ እርስዎ...» ብሎ ጀምሮ አቆመ።

እኔ ልጮህ አስቤ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ያጠራቀምኩት ንግግር አለኝ፤ አብዛኛውን ማታ ማታ ለማርታ ተለማምጄዋለሁ። ጋሼ ወርቁ ግን ቀና ብለው ሲያዩኝ ፊታቸው ላይ ያየሁት ጥፋተኝነት አይደለም። የተቸገረ ሰው ረድቶ ድንገት እንደተያዘ ሰው፣ ኀፍረት ብቻ ነው። ሰው ሳያይ የሠሩት ደግ ሥራ በመታወቁ አፍረዋል። ያኔ ገባኝ። እኚህ ሰው ሁለት ወር ሙሉ የደበቁኝ ጥፋት አልነበረም፤ ውለታ ነበር። ውለታቸውን ለመናገር ጨዋነታቸው አልፈቀደላቸውም፤ በውለታቸው የተነሳ ግን አጉርሰው ፈርደውብኛል።

ንግግሬን ሁሉ ተውኩትና ያንኑ አሮጌ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁ።

«ጋሼ ወርቁ፣ እኔ አስካለን ስሸኝ ቀለሁን የነካው ማን ነው?»

ማንኪያዋን ቀስ ብለው አስቀመጡ። እጅጌያቸውን አራገፉ።

«ምን ላድርግ፣ እህቴ» አሉ። «አፋቸውን ከፍተው ሳያቸው አሳዘኑኝ። እንደ ባለፈው ላግዝሽ ብዬ እኮ ነው።»